ለዓመታት ዝም፣ በሰዓታት ጥድፊያ፦ የደረት አኦርታ ሕመሞች

የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1760 እንደ ልማዳቸው በማለዳ ተነሥተው ትኩስ ቸኮላታቸውን ጠጡና ብቻቸውን ወደ መጸዳጃ ክፍል ገቡ። ጥቂት ቆይቶ አሽከራቸው የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰማ። ሮጦ ሲገባ የ76 ዓመቱ ንጉሥ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። አስከሬናቸውን የመረመረው የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ፍራንክ ኒኮልስ የልባቸው ከረጢት ግማሽ ሊትር በሚጠጋ የረጋ ደም ተሞልቶ አገኘው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀዷል፤ ደሙም በስንጥቁ ሾልኮ ከውጭኛው ሽፋን ሥር ተከማችቷል።

ኒኮልስ ያየውን በዝርዝር ጻፈ። ጽሑፉ ዛሬ የአኦርታ ዲሴክሽን የሚባለው በሽታ ከተገለጸባቸው ቀደምት ሰነዶች አንዱ ነው። ስሙን በሰፊው ያስተዋወቀው ደግሞ የልብ ማዳመጫውን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ ሲሆን ዘመኑም 1819 ነበር። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች በሽታውን የሚያገኙት ኒኮልስ ባገኘበት መንገድ ነበር፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ።

ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። የአኦርታ ጠባይ ግን ያው ነው። ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይታመምና ጣጣውን ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያወርደዋል። ዝናውም ድራማውም፣ የቀዶ ሐኪሞቹም ጀብዱ ያለው በእነዚያ ሰዓታት ላይ ነው። ብዙ ሕይወት የሚተርፈው ግን ማንም በማያያቸው ዓመታት ውስጥ ነው፤ የዚህ ዳሰሳ ክርክርም ይኸው ነው።

አኦርታ ከግራው የልብ ክፍል ይነሣል። ሥሩ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ እዚያው ለራሷ ለልብ ደም የሚያደርሱት ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገነጠሉለታል። ወደ ላይ ወጥቶ ቅስት ሠርቶ ይታጠፋል፤ ከቅስቱ ለአንጎልና ለክንዶች የሚሄዱት ይወጣሉ። ከዚያ በአከርካሪው ጎን እየወረደ፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ በስቶ ወደ ሆድ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ያለው ክፍል ነው የደረት አኦርታ የሚባለው። ልብ በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ስትመታ፣ በየደቂቃውም አምስት ሊትር ገደማ ደም ስትረጭ፣ የመጀመሪያውን ግፊት የሚቀበለው ይህ ቧንቧ ነው። ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው፤ ስስ የሆነ የውስጥ ሽፋን፣ ብርታቱን የሚሰጠውና በሚለጠጡ ክሮች የተሞላው መካከለኛው፣ እንዲሁም ጠንካራው የውጭ ሽፋን። መካከለኛው ንብርብር ልብ ስትመታ ይለጠጣል፣ ስታርፍ ይሰበሰባል፤ ደም በሁለት ምት መካከል ሳይቆም የሚፈሰውም በዚህ ምክንያት ነው። የአኦርታ ሕመሞች አብዛኞቹ የዚህ የመካከለኛው ንብርብር ሕመሞች ናቸው። ክሮቹ ያረጃሉ፣ ይበጣጠሳሉ፣ ወይም ከመጀመሪያው ተበላሽተው ይሠራሉ።

ክሮቹ ሲላሉ ቧንቧው ይሰፋል። ይህ አኑሪዝም ይባላል። ሦስት ሴንቲ ሜትር የነበረው አራት፣ ከዓመታት በኋላም አምስት ይሆናል። ባለቤቱ አያውቅም። የሚያመው ነገር የለም፤ ሥራው ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንዳንዴ የሰፋው አኦርታ አጠገቡ ያለውን ነገር ተጭኖ ራሱን ያሳብቃል፤ የድምፅ ነርቭን ሲጫን ድምፅ ይጎረንናል፣ ቧንቧ አየርን ሲጫን ሳል ይመጣል፣ የምግብ ቧንቧን ሲጫን መዋጥ ያስቸግራል። ለወራት የጎረነነ ድምፅ ጉንፋን ነው ተብሎ ሲታለፍ ኖሮ በመጨረሻ በደረት ራጅ ላይ የሰፋ ጥላ የሚታይበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አኑሪዝም የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ምስል ላይ፣ በአጋጣሚ ነው።

መሰንጠቁ ከዚህ ይለያል። በአንድ አፍታ የውስጠኛው ሽፋን ይቀደዳል። ልብ የምትረጨው ደም በቀዳዳው ገብቶ ንብርብሮቹን እየለያየ ይወርዳል፤ ገበሩ የተቀደደ ካፖርት ኪስ ውስጥ የገባ እጅ በጨርቁና በገበሩ መካከል እስከ ታች እንደሚሄደው ማለት ነው። አንዱ ቧንቧ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው እውነተኛው የደም መንገድ፣ ሌላው ሐሰተኛው። ሐሰተኛው መንገድ እየተነፋ እውነተኛውን ይጨፈልቀዋል። በየደረሰበትም የሚገነጠሉትን የደም ሥሮች አፍ ይዘጋል። የአንጎሉ ሲዘጋ ሰውየው ግማሽ አካሉ ይሰንፋል፣ የእግሩ ሲዘጋ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ የአንጀቱ ሲዘጋ ሆዱን ያመዋል፣ የኩላሊቱ ሲዘጋ ሽንቱ ይቆማል። የቀረችው የውጭ ሽፋን ከተቀደደች ደግሞ የዳግማዊ ጆርጅ ዕጣ ይከተላል።

ሐኪሞች በ1970 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በወጣ አከፋፈል መሠረት ነገሩን በሁለት ይለዩታል። ስንጥቁ ከልብ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ከነካ ዓይነት ኤ፣ ካልነካ ዓይነት ቢ ይባላል። ልዩነቱ የሞት ሽረት ነው። በዓይነት ኤ ሕክምና ካልተደረገለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞት ዕድሉ በየሰዓቱ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ይጨምራል ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል፤ የቅርብ ዘመን መረጃ ቁጥሩን ወደ ግማሽ በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም ሰዓት የሚቆጠርበት ሕመም መሆኑን አልቀየረውም። ስለዚህ ዓይነት ኤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ዓይነት ቢ ግን ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይያዛል።

ታዲያ ሰው እንዴት ያውቃል? ዋናው ምልክት ሕመም ነው፤ ሕመሙም ዓይነተኛ ነው። ከ1996 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች መረጃ የሚያዋጡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ በ2000 የ464 ሕሙማንን ታሪክ ይፋ ሲያደርግ፣ ከመቶው 85 ያህሉ ሕመሙ በድንገት እንደጀመራቸው ታይቷል። የሃርት አታክ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይበረታል። ይህኛው ግን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰው በዕድሜው አይቶት የማያውቀው ሕመም ነው። ደረት ላይ ወይም በትከሻ አጥንቶች መካከል ጀርባ ላይ ይጀምርና ስንጥቁ ሲወርድ እሱም ይወርዳል። የሁለቱ ክንዶች የደም ግፊት መለያየት፣ የአንድ እጅ ምት መጥፋት፣ ራስን መሳት ሊጨመሩበት ይችላሉ። ይሁንና መማሪያ መጻሕፍት የሚያደምቁት የምት መጥፋት በዚያ መዝገብ የተገኘው ከመቶ ሰው በ15ቱ ገደማ ብቻ ነው። ምቱ አለና በሽታው የለም ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው።

ሌላው አደጋ በሽታው የሌሎችን በሽታዎች መልክ መዋሱ ነው። አሜሪካዊው የቲያትር ደራሲና የሙዚቃ ሰው ጆናታን ላርሰን በጃኑዋሪ 1996 በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የኒው ዮርክ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ደረቱን አሞት ሄዷል። አንዱ የምግብ መመረዝ፣ ሌላው የቫይረስ ሕመም ነው ብለው ወደ ቤቱ ሸኙት። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 25 ማለዳ፣ ዓመታት የደከመበት ‹‹ሬንት›› የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት በይፋ ለተመልካች ሊቀርብ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በ35 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ። አኦርታው ተሰንጥቆ ነበር። ተውኔቱ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አሸነፈ። የቴሌቪዥን ተዋናዩ ጆን ሪተር ደግሞ በሴፕቴምበር 2003 ቀረጻ ላይ ሳለ ታምሞ ሆስፒታል ሲገባ ሃርት አታክ ነው ተብሎ ታከመ፤ በዚያው ምሽት በ54 ዓመቱ አረፈ። የሁለቱ ሕመሞች መምሰል ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለሃርት አታክ የሚሰጡት ደም የሚያቀጥኑና የረጋ ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች የተሰነጠቀ አኦርታ ላለው ሰው መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገሩን የሚለየው ምስል ነው። በደም ሥር ቀለም እየተሰጠ የሚነሣ ሲቲ ስካን በደቂቃዎች ውስጥ ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያል። ሲቲ ስካን ከሌለ በጉሮሮ በኩል የሚገባ የልብ አልትራሳውንድ ይተካዋል። ተራው የደረት ራጅ የሰፋ ጥላ ካሳየ ይጠቅማል፤ ካላሳየ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ መሣሪያው ካለ ችግሩ ሌላ ነው፤ ምስሉ እንዲነሣ የሚያዝዘው ሰው አኦርታን ማሰብ አለበት። በብሪታንያ ሕሙማንና የሟች ቤተሰቦች ከሐኪሞች ጋር ሆነው ለድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ‹‹አኦርታን አስቡ›› የሚል ዘመቻ የጀመሩትም ለዚህ ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም አንዱ ሁሉንም ያስከነዳል። በዚያው የ2000 መዝገብ ከመቶ ሕሙማን 72ቱ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ቁጥጥር ያልተደረገበት ግፊት ግድግዳውን በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ይደበድበዋል። ሲጋራ ሲጨመርበት ክሮቹ ቶሎ ይበላሻሉ። ኮኬይንና አምፌታሚን የመሳሰሉ አነቃቂዎች ግፊቱን በአንዴ ስለሚያስወነጭፉት ወጣቶችንም ለዚህ ዳርገዋል።

ወጣት ሲታመም ግን ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዘር ነው። በ1896 ፓሪስ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሙ አንቷን ማርፋን ጣቶቿ ያለልክ ረጃጅምና ቀጫጭን የሆኑ የአምስት ዓመት ልጅ ለባልደረቦቹ አቀረበ። በስሙ የሚጠራው ሕመም ከ5,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በ1991 መነሻው ታወቀ፤ ፋይብሪሊን የተባለውን የክሮቹን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶ ነው። ማርፋን ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ቁመተ ረጅም ነው፣ ሁለት ክንዶቹ ሲዘረጉ ከቁመቱ ይበልጣሉ፣ የዓይኑ ሌንስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣቱን መዳፉ ላይ አጋድሞ ሲጨብጥ ጥፍሩ በመዳፉ በሌላው ወገን ብቅ ይላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚገድለው የአኦርታ ሥር መስፋቱ ነው። ሎይስ-ዲትዝ እና ኤለርስ-ዳንሎስ የሚባሉ ሌሎች የዘር ሕመሞችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ቧንቧው ብዙ ሳይሰፋ ጭምር ይሰነጥቁታል።

የአሜሪካ የመረብ ኳስ ቡድን ኮከብ የነበረችው ፍሎ ሃይማን አንድ ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር ትረዝም ነበር። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳልያ አገኘች። ከዚያ ጃፓን ሄዳ ስትጫወት በጃኑዋሪ 1986 ተቀይራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ ወደቀች፤ 31 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ የተባለው ልቧ ቆመ ነው። ቤተሰቦቿ አስከሬኗ በሚገባ እንዲመረመር ባይጠይቁ ኖሮ ነገሩ በዚያ ይቀር ነበር። የተገኘው በማርፋን ሳቢያ የተሰነጠቀ አኦርታ ነው። ያን ጊዜ ወንድሟ ተመረመረ፤ እሱም ተመሳሳይ ችግር ተገኝቶበት በቀዶ ሕክምና ዳነ። ይህን ያህል ዓመት በስፖርት ሐኪሞች እጅ ያለፈች፣ ቁመቷ የተደነቀላት ሴት ሕመሟ ሳይታወቅላት መቅረቱ ዛሬም የሚያስቆጭ ነው።

የተለመደ ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ የተፈጥሮ ጉድለት አለ። የአኦርታ በር ሦስት ክንፍ ያለው ነው። ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለቱ ግን ሁለት ክንፍ ብቻ ይዘው ይወለዳሉ፤ የእነዚህ ሰዎች አኦርታም ወደ መስፋት ያደላል። እርግዝናም ቀድሞ የታመመ አኦርታ ላላት ሴት ተጨማሪ ጫና ነው፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ወራትና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት።

ከዘር ውጭ የሆኑት ምክንያቶችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ለደረት አኦርታ አኑሪዝም ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ቂጥኝ ነበር፤ ጀርሙ ከያዘ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የአኦርታውን ግድግዳ ይበላ ነበር። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ በ1908 በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ባየው ያልተለመደ የደም ሥር አማካይነት ስሙን የተከለበት ሕመም ደግሞ የሰውነት መከላከያ ራሱ አኦርታንና ቅርንጫፎቹን የሚያቃጥልበት ነው። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ሲሆን የእጅ ምት እስከማጥፋት ስለሚደርስ ምት አልባው በሽታ ይሉታል። በመኪና ግጭትም አኦርታ ይቀደዳል። ሰውነት በድንገት ሲቆም የቅስቱና የቁልቁለቱ መጋጠሚያ ይበጠሳል፤ እንዲህ ከሆነባቸው አምስት ሰዎች አራቱ ያህል ሆስፒታል ሳይደርሱ ያልፋሉ።

በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሲፕሮፍሎክሳሲንን የጨመረው የፍሎሮኪኖሎን አንቲባዮቲክ ቤተሰብ አኑሪዝም ላለባቸውና ለአደጋው ለተጋለጡ ሰዎች ሌላ አማራጭ እያለ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ። ተራ ሰው ከመድኃኒቱ የሚደርስበት አደጋ ትንሽ ነው። ሆኖም ሲፕሮ በየመድኃኒት ቤቱ ለተቅማጡም ለሽንቱም ያለ ትእዛዝ በሚሸመትበት አገር፣ ማስጠንቀቂያው የሚያስታውሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

አኦርታ ሲጠብም በሽታ ነው። ኮአርክቴሽን የሚባለው ጥበት ከትውልድ ጀምሮ ቅስቱ ካለፈ በኋላ ያለውን ክፍል ያንቃል። ከጥበቱ በላይ ያለው አካል ከፍተኛ ግፊት ይኖረዋል፤ ከታች ያለው ደም ያንሰዋል። ስቶክሆልም ውስጥ ክላረንስ ክራፎርድ በ1944 ጠባቡን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በመስፋት መዳን እንደሚችል አሳየ። ለምርመራው የሚያስፈልገው ጣት ብቻ ነው። የሕፃኑን ብሽሽት ዳሶ ምቱን ከክንዱ ምት ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ግፊቱ ከፍ ያለ ወጣት ሲመጣም እግሩን መዳሰስ ያው ነው። ምንም የማይጠይቅ፣ ግን በጥድፊያ የሚዘለል ምርመራ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ከአንድ ሰው ስም ጋር ተጣብቋል። ማይክል ደቤኪ ከሊባኖስ ወደ ሉዊዚያና የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ነው፤ ልብስ መስፋትን ከእናቱ ተምሯል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተበላሸ አኦርታ የሚተካበት ጨርቅ ፍለጋ ሂዩስተን ውስጥ ወደ አንድ ትልቅ መደብር ሄደ። የፈለገው ናይለን አልቆ ነበርና ሻጩ ዳክሮን የሚባል አዲስ ጨርቅ አቀረበለት። ገዝቶ ቤቱ ገባ፣ በሚስቱ የስፌት መኪናም ቱቦ አድርጎ ሰፋው። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሰፉት ቱቦዎች የዚያ ጨርቅ ዘሮች ናቸው። ደቤኪና ባልደረቦቹ በ1955 የተሰነጠቀ አኦርታን በቀዶ ሕክምና ማዳናቸውን ለሕክምናው ዓለም አስታወቁ።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2005 የ97 ዓመቱ ደቤኪ ቤቱ ውስጥ ንግግር ሲያዘጋጅ ደረቱንና አንገቱን አንዳች ነገር ሰነጠቀው። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። አምቡላንስ አልጠራም፤ ሆስፒታል መግባትም አልፈለገም። ሕመሙ ለሳምንታት ከባሰበት በኋላ ራሱን ሲስት የሆስፒታሉ ሰዎች ተጨቃጨቁ፤ ዕድሜው እንዲህ የገፋን ሰው ማደንዘዝን የፈሩ ሐኪሞች ነበሩ። ሚስቱ ግን ቀዶ ሕክምናው ይደረግ አለች። በፌብሩዋሪ 2006 ባሰለጠናቸው ሐኪሞች እጅ፣ እሱ ራሱ ባስጀመረው ዘዴ አኦርታው በዳክሮን ተተካ። ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ ሌላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህልም ኖሮ በጁላይ 2008 አረፈ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ለተራ ሕመምተኛ ግን ምሳሌ አይሆንም። በተሰነጠቀ አኦርታ ሳምንታት ቤት ተቀምጦ መትረፍ ብርቅ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ዛሬም ከባድ ነው። ደረት ይከፈታል፣ የልብና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል። ቅስቱ የሚነካ ከሆነ ሰውነት ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይቀዘቅዝና የደም ዝውውሩ ለደቂቃዎች ጨርሶ ይቆማል፤ ብርዱ አንጎልን ያቆየዋል። ይህን ዘዴ በ1975 ያስፋፋው አሜሪካዊው ራንዳል ግሪፕ ነው። የአኦርታው ሥር ከነ በሩ ሲበላሽ በ1968 ሂው ቤንታል ለንደን ላይ ባስተዋወቀው መንገድ በሩም ቱቦውም አብረው ይተካሉ፤ የብረት በር የተገጠመለት ሰውም ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ እየወሰደ ደሙን ያስለካል። የቶሮንቶው ቲሮን ዴቪድ በ1992 ያቀረበው ዘዴ የሰውየውን የራሱን በር አትርፎ ቱቦውን ብቻ ይተካል። የመዝገቡ ቁጥር ሁለቱንም ወገን ያሳያል። ዓይነት ኤ ስንጥቅ ገጥሟቸው ቀዶ ሕክምና ካገኙት ከመቶው 26ቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተዋል፤ ካላገኙት ደግሞ 58ቱ።

ወደ ታች ለሚወርደው ክፍል ደረት ሳይከፈት የሚሠራ መንገድ መጥቷል። በሶቪየት ዘመን ዩክሬን፣ በካርኪቭ ከተማ፣ ኒኮላይ ቮሎዶስ በ1987 በእግር የደም ሥር በኩል የታጠፈ ቱቦ አስገብቶ በደረት አኦርታ ውስጥ ዘረጋው። ምዕራቡ ዓለም ለብዙ ጊዜ አላወቀለትም። ስታንፎርድ ላይ ማይክል ዴክና ባልደረቦቹ በ1994 ተመሳሳይ ሥራ አሳተሙ፤ ዘዴው ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል። በመኪና አደጋ ለተቀደደና ለተወሳሰበ ዓይነት ቢ ስንጥቅ ዛሬ የሚመረጠው ይኸው ነው። ያለ ስጋት ግን አይደለም፤ ኅብለ ሰረሰርን የሚመግቡ ቅርንጫፎች ከተሸፈኑ የሰውየው እግሮች ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታል ጎልስወርዚ የሚባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ማርፋን አለበት። ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን መውሰድ አልዋጥልህ ሲለው የራሱን አኦርታ ምስል በኮምፒዩተር አስቀርጾ፣ ሞዴሉን አሳትሞ፣ በዚያ ልክ ከውጭ የሚታጠቅ የተጣራ ጨርቅ እጅጌ አሠራ። በ2004 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ እሱ ራሱ ሆነ። ዘዴው ቧንቧውን አይቆርጥም፤ እንዳይሰፋ ከውጭ ይደግፈዋል። ታካሚው ራሱ መድኃኒቱን የቀየሰበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በሕክምና ታሪክ ብዙ የለም።

ወደ ዝምታው ዓመታት እንመለስ፤ እዚያ መሣሪያዎቹ ሜትርና ክኒን ናቸው። አኑሪዝም የተገኘበት ሰው በየጊዜው ይለካል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሳይፈነዳ እንዲተካ ይመከራል፤ ለማርፋን ወሰኑ 5 ነው። ሜትሩም ቢሆን ያሳስታል። በዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ ዓይነት ኤ ስንጥቅ ከገጠማቸው ከግማሽ የሚበልጡት ቧንቧቸው 5.5 አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ከመለኪያው ጎን የቤተሰብ ታሪክና የደም ግፊት ይመዘናሉ።

የክኒኑ ታሪክ ከእርሻ ቤት ይጀምራል። በአሜሪካ እርሻዎች ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አኦርታቸው እየፈነዳ በድንገት ይሞቱ ነበር። የደም ግፊት የሚቀንሰው ሬሰርፒን ከመኖአቸው ሲደባለቅ ሞቱ ቀነሰ። በ1965 ማይረን ዊትና ባልደረቦቹ ሐሳቡን ወደ ሰው አመጡት። ግፊቱም ሆነ ልብ ደም የምትረጭበት ጉልበት ሲቀንስ ስንጥቁ መስፋፋቱን ያቆማል። ዛሬ በድንገተኛ ክፍል የሚደረገው ያው ነው፤ ሕመሙን ማስታገስ፣ የልብ ምቱን ከ60 በታች፣ የላይኛውን ግፊት ደግሞ ከ100 እስከ 120 ማውረድ። ለዚህ የሚመረጡት ቤታ ብሎከሮች ሲሆኑ በ1994 በታተመ ጥናት በማርፋን ሕሙማን የአኦርታውን መስፋት እንደሚያዘገዩ ታይቷል። ለዓመታቱም ለሰዓታቱም የሚያገለግሉት እነዚሁ ርካሽ መድኃኒቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ምን መልክ አለው? በጥቁር አንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የልብ ማእከልና ከሱ ወዲህ ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና የጀመሩት ጥቂት ተቋማት ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ወረፋውን የያዙትም አብዛኞቹ የልብ በራቸው በሩማቲክ በሽታ የተጎዳ ወጣቶችና ከነችግሩ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። ሌሊት የተሰነጠቀ አኦርታን ጠዋት የሚጠግን ቡድን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማሰብ ገና ነው። የሰዓታቱ ሕክምና ለብዙው ሰው እስካልደረሰ ድረስ የሚቀረው የዓመታቱ ነው። እዚያም ብዙ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሲሆን አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ደም ብዛት የሚያዞር፣ ራስ የሚያሳምም ነገር ነው ተብሎ ስለሚታመን ራሱን ያላመመው ሰው ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ጫት ደግሞ በሚቃምበት ሰዓት የልብ ምቱንና ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ድንገተኛ የደረት ሕመም ሲመጣም መጀመሪያ የሚከሰሰው ጨጓራ ነው፤ ቀጥሎ ብርድ ወይም ውጋት። የጨጓራ ክኒን ተውጦ፣ ጀርባ ታሽቶ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ የማይመለስ ነው።

ዘርን በተመለከተ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ። ማርፋንን የመሰለ ሕመም ያለበት ሰው ለልጁ የማስተላለፉ ዕድል ሃምሳ በመቶ ነው፤ ወንድምና እህቶቹም የዚያው ዕድል ተካፋይ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላይ አኦርታው ሰፍቶ ለተገኘ ኢትዮጵያዊ ሐኪሙ የቅርብ ዘመዶችህ ሁሉ ይታዩ ይለዋል። ዘመዶቹ ደሴ ወይም ሐዋሳ ናቸው። ቤተሰብ እንዳይጨነቅ ተብሎ ነገሩ ‹‹ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው›› በሚል ቃል ተሸፍኖ በስልክ ይነገራል፤ የበሽታው ስም አይጠራም። ታናሽ ወንድሙ ግን የሚያስፈልገው ያ ስም ነው። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ አገር ውስጥ ላለ የልብ ሐኪም ካሳየ፣ የአኦርታውን ሥር የሚለካ ተራ የልብ አልትራሳውንድ ሊደረግለት ይችላል፤ ሰፍቶ ከተገኘም ቤታ ብሎከሩ በዚያው ቀን ሊታዘዝለት ይችላል።